አባቴ ስለረታበት እርሻ፣ ለጓድ ሰብሳቢ

መስከረም ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ለተከበሩ የቀበሌያችን ገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ፣ ለጓድ የሻው፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የእኔንና የእናቴን ከጠየቁ፣ በቸርነትዎ እስከ ሐሙሱ ቀጠሮ ድረስ ደህና ነን። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ያስቆጠረኝ የእርስዎ የመሠረተ ትምህርት ኮሚቴ ስለሆነ፣ የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ለእርስዎ መሆኑ ተገቢ መስሎኛል። በሞጣ መንገድ ካለው ሾላ ላይ የለጠፍኩትም አላፊ አግዳሚው ምስጋናዬን እንዲያነብልኝ ነው።

አንደኛ፣ የሟቹን አባቴን የመሪጌታ አካለ ወልድን ስም ስላልረሳችሁ አመሰግናለሁ። በንጉሡ ጊዜ አቶ ደምለው ማዶው ርስቴ ነው፣ የጊዮርጊስ መሬት ከወንዙ አይሻገርም ብለው ምለው ሲከራከሩ፣ አባቴ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ለደብሩ የተሰጠው ወንዙን ተሻግሮ እስከ ጉብታው ነው ብሎ ማለ፤ ስንቁን ተሸክሞ ብቸና ፍርድ ቤት ሲመላለስ ጉልበቱ ካለቀ በኋላም ረታ። ከወንዙ ማዶ ያለውን እርሻ በአገልግሎቱ አገኘ፤ እኔና እናቴ ዛሬም የምንበላው ከእሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ለካ የሚነጠቀው የረታ ኖሯል! የቤተ ክርስቲያን የነበረው መሬት ሁሉ ለአምራች ማኅበሩ ይሁን ብላችሁ በወሰናችሁ ማግሥት፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ደምለው ተነሥተው የአባቴን ቃል አንድ ሳያስቀሩ ምለው መሰከሩ። የጊዮርጊስ መሬት ወንዙን እንደሚሻገር ገና አሁን ታያቸው፤ ሃይማኖታቸው ስለጠናላቸው ደስ ብሎኛል።

ሦስተኛ፣ እርሻው እንዲቀርልኝ ከፈለግሁ «አባቴ በሐሰት ማለ፣ መሬቱ የጊዮርጊስ አልነበረም» ብዬ ሐሙስ በሸንጎው ፊት እንድምል ስለፈቀዱልኝ ውለታዎን በምን እንደምከፍል አላውቅም። ይህንኑ ለእናቴ ለወለተ ሐና ብነግራት፣ «አባትሽን ሁለተኛ አትቅበሪብኝ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ብምል ሟቹን ሐሰተኛ አደርጋለሁ፣ ባልምል እናቴን አስርባለሁ። እህል ቢያንቅ በውኃ ይዋጣል፤ ውኃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?

አራተኛ የለኝም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ፈርቻለሁ፤ ከርሞ ምን እንደምንበላም አላውቅም። ቢሆንም ሐሙስ መጥቼ አባቴ የማለውን እምላለሁ፣ እናንተም ጤፉን እንደቆመ ትረከቡታላችሁ።

ፍርድዎን ከማመስገን በቀር ሌላ መብት ያልተረፈኝ፣ ለሸንጎው ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣
ይርጋነሽ አካለ ወልድ

ማስታወሻ፦ አቶ ደምለው ያን ጊዜ አይሻገርም ብለው ማሉ፣ ዛሬ ይሻገራል ብለው ማሉ። ሸንጎው በሐሰት የማለ ሰው የሚፈልግ ከሆነ አባቴን ከመቃብር መቀስቀስ አያስፈልገውም፤ አቶ ደምለው ከጎንዎ ተቀምጠዋል።