ባለ አንድ እጁን ሽፍታ አብረውኝ ለተሸከሙት ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ ታደገ
የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር
ሊንደሩድ፣ ኦስሎ
ግንቦት ፳ ቀን ፪ሺህ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ እንዴት ነው? ከዱግናዱ፣ ከዚያ የጋራ ጽዳት ቀን ወዲህ ጎንበስ ማለት ተስኖዎታል ሲሉ ሰምቼ አዝኛለሁ። ከባድ ዕቃ ሲያነሱ ጉልበትን አጠፍ፣ ጀርባን ቀና ማድረግ ነው። በዕለቱ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ ከወዲያ እየገፉ እኔ ከወዲህ እየሳብሁ ስለነበር ለወሬ አልተመቸንም። አላህ አፊያውን ይስጥዎ። ለባለቤትዎም፣ ለልጆችዎም፣ በቅርቡ ለገዙት መኪናም ጤና እመኛለሁ። እኔ እንዳለሁ አለሁ።

እኔ አብዱልሃዲ ይመር ማንበብም መጻፍም አልችልም። አላፍርበትም፤ ማኅበሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ እርስዎ ብቻ ዘንግተውት ኖሯል። ይህን በቃሌ እየተናገርሁ የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ወይዘሮ ጤናዬ ናት። እዚህም እዚያም ቃሉን ላለስልሰው ትላለች፤ እንደ ወጣ ጻፊው ብያታለሁ። ሲያልቅ በአዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል። ደብዳቤ በር ላይ መለጠፍን ከእርስዎ ነው የተማርሁት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ልናገር። ማኅበራችን በተከራየው ምድር ቤት ከአዳራሹ ጀርባ አንዲት ክፍል አለች፤ ዱሮ የበረዶ መንሸራተቻ ይቀመጥባት የነበረች። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሊቀመንበር ቁልፏን ለእኔ ሰጡኝ። እዚያ ጠረጴዛዬ አለ፣ በብሎን የታሰረ፣ ብረት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳዬ አለ፣ ሞረዴ አለ። የጡረታ ዘመኔንም እዚያው የቁማር ማሽን እየጠገንሁ አሳለፍሁ።

የቁማር ማሽን ስል ዓምና በሰኔ ማለቂያ መንግሥት ከየሱቁ ያስወጣውን፣ በመብራት የሚያብለጨልጨውን አይደለም። የእኔዎቹ ገመድም ባትሪም የላቸውም። ትልቅ ራዲዮ የሚያህል የብረት ሣጥን ነው፤ ፊቱ ላይ ከመስታወት ጀርባ ሎሚና ፕሪም፣ ደወልም የተሳለባቸው ሦስት ጎማዎች አሉ፤ በቀኝ ጎኑ አንድ የብረት ክንድ አለው። ሳንቲም ይጨምሩና ክንዱን ይስባሉ፤ ሞላው ይወጠራል፣ ጎማዎቹ ይዞራሉ፣ ከዚያ አንዱ ካንዱ በኋላ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ብለው ይቆማሉ። ኖርዌዮቹ ባለ አንድ እጁ ሽፍታ ይሉታል። የትምህርት ቤት ሙዚቀኞች ለጉዞ ገንዘብ ሊያገኙ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡበት ሎፐማርክድ እየዞርሁ፣ ዝጎ የተጣለውን እየለቀምሁ ነው የሰበሰብኋቸው። በላምባ እዘፈዝፈዋለሁ፣ ጥርሱን በብሩሽ እፍቃለሁ፣ የተሰበረውን ከሌላው ሬሳ አወጣለሁ። ደሴ ፒያሳ የስፌት መኪና ስጠግን ነው ያረጀሁት፤ ሞላ ማለት ለእኔ እንግዳ አይደለም።

እኔ ሙስሊም ነኝ። ቁማር ሐራም ነው። ካርታ እንኳ ነክቼ አላውቅም። ሞላ ሐራም ነው ያለ ሸኽ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ቢሆንም ለነፍሴ ስል አንድ ነገር አደርጋለሁ፤ ያደስሁት ማሽን ሆዱ ውስጥ ሳንቲም የሚያስቀርበትን መንገድ እዘጋና ጎማዎቹ የፈለጉት ላይ ቢቆሙ የገባው ሳንቲም ተመልሶ ትሪው ላይ እንዲወድቅ አደርጋለሁ። አንድ ይሰጡታል፣ ያንኑ አንድ ይመልስልዎታል። የሚያተርፍም የሚከስርም የለም።

ይህን እርስዎ ያውቁታል። በጥር አንድ ቀን ጫጫታ በዛ ብለው ሊቆጡ ወደ ክፍሉ ገብተው፣ አንድ ክሮነር ከኪስዎ አውጥተው ጨመሩ፤ ሳቡ፤ ክሮነርዎ ተመለሰ። ደግመው ጨመሩ፤ ተመለሰ። ከዚያ ሌላ ይኖር እንደሆን ብለው ትሪውን በጣትዎ ዳሰሱ። ጤናዬ ይቺን ልተዋት ትላለች። አትተያትም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በየተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ማስታወቂያው አመሰግናለሁ። የቁማር ማሽን በመንግሥት ስለተከለከለ በክፍሉ ያለው እስከ ዱግናዱ ቀን ይነሣ፣ ባለቤቱ ቅሬታ ካለው ለጽሕፈት ቤቱ ያመልክት ይላል አሉ፤ ያነበቡልኝ ከዱግናዱ በኋላ ነው። በአማርኛም በኖርዌይኛም ተጽፎ በአዳራሹ በር ላይ ተሰቅሎ ነበርና በወጣሁ በገባሁ ቁጥር አየው ነበር። ማኅተሙ ያማረ ነው። አንድ ቀን ማጣበቂያው ለቆ አንዱ ጫፉ ተንጠለጠለ፤ የማኅበር ነገር መሬት ወድቆ ማየት አልወድምና ከክፍሌ አራት የጫማ ሚስማር አምጥቼ በአራቱም ማዕዘን ቸነከርሁት። ከዚያ ወዲህ ነፋስም አልነቀነቀው። ስለ ሚስማሩ ምስጋና አልጠይቅም።

ከዓመት ዓመት ሻይ አብረን ስንጠጣ በቃል አንድ ጊዜ ጋሼ ብለው ቢነግሩኝ ሕጉ ይጎድል ነበር መሰለኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሸክሙ አመሰግናለሁ። የዱግናድ ነገር ሁላችንም እዚህ አገር የተማርነው ነው፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ ይጠርጋል፣ ያነሣል፣ ይጥላል፣ ይህ የማነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ አንዱ ጫፉን ሲይዝ ሌላው ያንን ጫፍ ይይዛል። እኔም ቀርቼ አላውቅም። ያን ዕለት ቅጠል ስጠርግ እርስዎ ከምድር ቤቱ በር ላይ ሆነው ጋሼ አንዴ ይያዙልኝ አሉኝ። በግራጫ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ ነገር ነበር። ከበደ። ምንድነው ብል፣ ያው የድሮው ነገር ነው አሉኝ። ደረጃውን ስንወጣ ደግሞ፣ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ቅር ይልዎታል ብዬ ፈርቼ ነበር አሉኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከባድ ስላሸከሙኝ መስሎኝ፣ እንደ ኖርዌዮቹ ነይ ነይ፣ የለም የለም፣ ምን ቅር ይለኛል፣ ለማኅበር ነው አልሁዎት። ደስ አለዎት። ሰው ፊት ጋሽ አብዱልሃዲን እዩ፣ ከእሳቸው ተማሩ አሉ። ኮራሁ።

ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን ወደ ቆሻሻው ኮንቴይነር ወረወርነው።

ያን ጊዜ ደወሉ ጮኸ። በማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለው ደወል የሚደወለው ሦስቱም ጎማዎች ላይ ደወል ሲገጥም ብቻ ነው። እኔ ካደስሁት ወዲህ ገጥሞ አያውቅም። ሲወድቅ ተናውጦ ይሁን፣ ገጥሞ ይሁን አላውቅም፤ ድምፁን ግን አውቀዋለሁ፣ መዶሻውን እኔ ነኝ የሞረድሁት። ከገጠመም የደወለው ለእርስዎ ነውና እንኳን ደስ ያለዎት።

ሰዎች ለምን አልጮኽህም ይሉኛል። እንጃ። ሰዉ ኮንቴይነሩ ሞላ ብሎ ያጨበጭብ ነበር። አንዲት ልጅ ጭማቂ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁ። የጭነት መኪናው መጥቶ ሰንሰለቱን አስሮ ሲያነሣው ቆሜ አየሁ። ሽማግሌው ለብረት አለቀሰ እንዳይባል ይሆናል፤ ደግሞ ለማልቀስም የመጣልኝ ነገር አልነበረም። ቤቴ ገባሁ፣ በላሁ፣ ሰገድሁ፣ ተኛሁ። ተናደሃል ወይ ይሉኛል፤ አልተናደድሁም። የተቀመጡበት እግር እንደሚደነዝዝ የሆነ ቦታዬ ደንዝዟል። መርፌ መርፌ እንኳ አይለኝም።

ሦስተኛው ስለ እኔ አይደለም፤ ስለ ኣርኣያ ነው።

ኣርኣያን ሁሉም ያውቀዋል፤ የአስመራው፣ ሲስቅ አዳራሹን የሚሞላው። ዓምና ስትሮክ ቀኝ ጎኑን መታው። እግሩ ተመለሰ፣ ቀኝ እጁ ግን እንደ ተጨበጠ ቀረ። ሐኪም ቤት የጎማ ኳስ ጭመቅ ብለው ሰጡት፤ ኳስ የሚጫወት ሕፃን ነኝ ወይ ብሎ በመስኮት ወረወረው። እጄ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ ሃዲ፣ ኪሴ ውስጥ ሳገኘው ሌባ ገባ ብዬ እደነግጣለሁ ይለኝ ነበር። ዱሮ በወጣትነቱ አስመራ ቡና ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን ደመወዙን በልቶበታልና፣ የእኔን ሲያይ ያ የማልፈልገው ሽፍታ እዚህም ተከተለኝ ብሎ ሳቀ። ከዚያ የተበላሁትን ላስመልስ ብሎ በዚያ በታመመው እጁ ክንዱን ያዘ። አልተሳበለትም።

እኔም ሞላውን አውጥቼ በደካማ ሞላ ተካሁለት። ከግሮሩድ በምድር ውስጥ ባቡሩ በቲባን በየቅዳሜው እየመጣ ይስብ ጀመር። እጁ ሲበረታ እኔ ሞላውን ጥቂት ጠንካራ አደርጋለሁ፤ አልነግረውም፤ እሱም ያውቃል። ዛሬስ ደወሉ ይመታል ወይ ይላል። ሳንቲሙ ሲመለስለት፣ ዋይ ሃዲ፣ ቁማሩን አበላሸኸው፣ የማይበላ የማይከፍል ማሽን ከኮሙኑ ማዘጋጃ ቤት በቀር አላየሁም እያለ ይሰድበኛል። በፋሲካ ሰሞን ጣቶቹ ተከፍተው ስኒ ያዘ። ግማሹን ሱሪው ላይ አፈሰሰው፤ ግን ያዘ።

ከዱግናዱ በኋላ በመጣው ቅዳሜ እንደ ልማዱ መጣ። በክፍሉ በር ላይ አዲስ ቁልፍ አገኘ። ነገርሁት። በመጨረሻ ሽፍታው ተያዘ በለኛ አለ። እኔም ይዘን ያስረከብነው እኔና ሊቀመንበሩ ነን አልሁት። ሳቀ። ከዚያ ያን እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተውና እስክንለያይ ድረስ አላወጣውም። ባለፈው ቅዳሜ ሳየው ጣቶቹ ወደ ውስጥ ተመልሰው መዝጋት ጀምረዋል። ስኒውን በግራው ያዘ።

ክቡር ሆይ፣ ምክንያትዎን በስብሰባ ላይ ሰምቻለሁ፤ የኮሙኑ ሴትዮ መጥታ ብታየው የቁማር ቤት ነው ትላለች፣ ድጎማችን ይቀራል ብለዋል። ደግ አሰቡ። ሴትዮዋም መጣች፤ ሳንቡሳ በላች፤ አስተርጓሚው እንደ ነገረኝ ታመው ለሚያገግሙ ሽማግሌዎች ምን ታደርጋላችሁ ብላ ጠየቀችዎ። እርስዎም በዕቅድ ላይ ነን አሏት። ከኋላዎ ያለው የተቆለፈው በር ያ ዕቅድ ነበር። አሁን ወንበር ተደርድሮበታል አሉ። ሞርሳዬ ከወንበሮቹ ሥር እንደሆነ እገምታለሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ለመለመን ባልወድም። ሁለተኛ ማሽን አለኝ። እሱ የተረፈው ተፈታትቶ በሙዝ ካርቶን ውስጥ ቤቴ ስለነበረ ነው፤ የተሰበሰበው ብረት ተለቅሞ ሲሄድ የተበተነው ዳነ። ልገጥመው እችላለሁ፤ ያለ ሞርሳ ግን ሞላው አይታጠፍም፣ ክንዱም አይቀናም። ቁልፉን ይስጡኝ። የቁማር ቤት እንዳይባል ቢፈልጉ የሳንቲም ቀዳዳውን በቆርቆሮ እደፍነዋለሁ። ሎሚውንም ፕሪሙንም ቀለም እቀባዋለሁ። ክንዱን ብቻ ይተውልን። እጅ ሲዘጋ ጠብቁኝ አይልም፤ የእርስዎ ስብሰባ ግን ከክረምት ዕረፍት በኋላ ነው አሉኝ።

ለሚመጣው ቅዳሜ ኣርኣያ ይመጣል። እኔም ካርቶኔን ይዤ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ቢከፈት እንሠራለን፤ ባይከፈት የሚያልፍ የሚያገድመውን ሰላም እንላለን፣ ማስታወቂያዎን ስለማላነብ ለሚጠይቁኝ ሁሉ በቃሌ እነግራለሁ።

ይህን ሁሉ ዘመን ማኅበራችንን በንጽሕና፣ በሥርዓትና በማኅተም ላኖሩልን፣ አሮጌውን ከአዲሱ ለይተው ለማውጣት ለወገብዎ ላልሳሱልን ለክቡርነትዎ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ እግርዎ ሥር ሳይሆን ከዕቃው ማዶ ቆሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

አብዱልሃዲ ይመር
ስሜን መጻፍ ስለማልችል አውራ ጣቴን አትሜያለሁ፤ ጥቁሩ ቀለም አይደለም፣ የማሽን ቅባት ነው።

ማስታወሻ፦ በመስከረም ሌላ ዱግናድ አለ ብለውኛል። እመጣለሁ፤ ቀርቼ አላውቅም። የሚነሣ ከባድ ነገር ካለ ይጥሩኝ፣ አንዱን ጫፍ እይዛለሁ። ብርድ ልብሱን ግን በቅድሚያ ይግለጡልኝ።