ለጀርም ያልተንበረከኩት ባለ ነጭ ሽንኩርቱ

ሰባ ዓመት ማንንም ያልፈሩትን ሰው በእግር ጣታቸው ገብቶ የጣለ ጀርም፣ ነገ የልጅ ልጃቸውንስ ይምራት ይሆን? ይህን የጻፉት ባለቤታቸው መልሱን አያውቁም።

ሟች ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1967 በሆስፒታል ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። በ1971 ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ሥጋታቸው አያልቅምና፣ ጉንፋን ይከላከላል ብለው በየማለዳው አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት በጋዋናቸው ኪስ ይከቱላቸው ነበር።

በ1991 ሆስፒታሉ ያለው አንቲባዮቲክ ሁሉ ያልበገረው ባክቴሪያ ገጠማቸው። “እስቲ የሚስቴ መድኃኒት ይሞክረው!” ብለው ለቀልድ ያችን ፍሬ ደቁሰው ባክቴሪያው በተዘራበት ሳህን ላይ ጠብ አደረጉ። በማግስቱ በጠብታው ዙሪያ ባክቴሪያው ድርሽ አላለም። ያን ቀን ሚስታቸውን ይቅርታ ጠየቁ፤ በትዳር ዘመናቸው የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው።

አለቃቸው “ላቦራቶሪውን ወጥ ቤት አደረግኸው!” ቢሏቸው፣ “ጌታዬ፣ ወጥ ቤቱ ካሸነፈ ምን ላድርግ?” አሉ እንጂ አላቆሙም። ባለ ነጭ ሽንኩርቱ የተባሉትም ያኔ ነው። ማሩንም ዝንጅብሉንም ፈተኑ። አንድ ነጋዴ በስማቸው የነጭ ሽንኩርት መድኃኒት በጠርሙስ ሊሸጥ ሲመጣ ግን በሩን አሳዩት። “ሳህን ላይ የገደለ ሁሉ ሰው አያድንም፤ ገና ነው!” ይሉ ነበር።

ባለፈው ወር ስኳር ያቆሰለው እግራቸው መድኃኒት በለመደ ባክቴሪያ ተመረዘ። ጎረቤት “ሽንኩርቱን ጠጣና ተነስ” ቢላቸውም ከሐኪማቸው ምክር አልወጡም። ከቁስላቸው ናሙና አስወስደው፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ለምትሠራው የልጅ ልጃቸው “እኔ ብሸነፍ አንቺ እንዳትለቂው” አሏት። እሷም ናሙናውን አሳድጋ፣ ትናንት ጠዋት በሳህኑ ላይ ነጭ ሽንኩርቱን ጠብ አደረገች። እሳቸው ትናንት፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀትር በኋላ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሕመም ከማይደፍረው ስፍራ ያሳርፍልን።

የሳህኑ ውጤት የሚታየው ዛሬ ጠዋት ነው፤ የልጅ ልጃቸው ለቀብሩ ብትዘገይ አትፍረዱባት። ሴት አያቷ እሷም እንዳትነጠቃቸው ፈርተው ጋዋኗን ትራስ ሥር ደብቀውት ነበር። “እማማ፣ ጋዋኔን” አለቻቸው። ከትራሱ ሥር አውጥተው ተኮሱት፤ ኪሱ ውስጥ አንድ ፍሬ ከተቱበት። ለበሰችው፤ ኪሷን ዳሰስ አደረገችና ወደ ላቦራቶሪው ወጣች።