ከታች ዶሮ፣ ከላይ ርግብ

ይድረስ ለወንድሜ ለወንዳፈረው፤ ከእህትህ ከሺታዬ።

እንደምን ከርመሃል፣ ወንድምዬ? ወገብህ እንዴት ሆነልህ? የእማማ ዓይን ዘንድሮ ይሻላል ወይስ ያው ነው? ሚስትህ ቤርሳቤ በሰላም ተገላገለች? በልጉ ጣለላችሁ ወይስ እንደ አምናው አታለላችሁ? እኔን ከጠየቅኸኝ፣ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ብሎ መጻፍ ደንብ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ደንቡ አቃተኝ። በሕይወት አለሁ። ባለቤቴ ወንዶሰንም አለ፤ ወባው መጣ ሄድ ይልበታል እንጂ አልጋ ላይ አልዋለም።

በሁዳዴ መግቢያ የላክኸው ደብዳቤ በአንድ ሹፌር እጅ ደርሶኛል። የመሬት ሽግሽጉ ከሰኔ በፊት እንደሚያልቅ፣ በቦታው ያልተገኘ ሰው እንደማይቆጠርለት፣ የአባባን የወንዝ ዳር ማሳ ለእኔ ለማስያዝ ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር እንደተጨቃጨቅህ ሁሉ አነበብኩ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኳት ፊደል ለዚህ ቀን ጠቀመችኝ፤ ሌላ ሰው ቢያነብልኝ ኖሮ እንባዬን የት እደብቀው ነበር? ከኩታበር ለሰፈራ ስንጫን አንተ ገና ጢም ያላበቀልክ ጎረምሳ ነበርክ፤ አሁን ለእህትህ መሬት ትሟገታለህ። መቼ ትመጫለሽ ስትለኝ፣ ዶሮዎቼን ለፋሲካ ሸጬ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት መኪና ላይ ነን ብዬህ ነበር። ማግስቱ ዛሬ ነው፤ እኔ ግን ቁጭ ብዬ ይህን እጽፍልሃለሁ። እንዴት እንደቀረ ልንገርህ፣ አትቆጣኝ።

እኛ ያለንበት ግቢ የሁለት ቤት ግቢ ነው። ጎረቤቴ አጁሉ የአኙዋክ ሴት ናት፣ ባሏ ባሮ ላይ ዓሣ ያጠምዳል። የዶሮ ቤታችን የጋራ ነው፤ ባሏ ቀርከሃውን አምጥቶ፣ እኔና እሷ ጭቃውን አብረን ረግጠን የሠራነው። ውሃው ሲሞላ ጓሮ ድረስ ስለሚመጣ በእንጨት እግር ላይ አቁመነዋል። ከታች የእሷም የእኔም ዶሮዎች ያድራሉ፣ ከላይ ከክዳኑ ሥር የወንዶሰን ርግቦች። ርግቦቹን ማንም አልገዛቸውም። መንግሥት ሲለወጥ የሰፈራ ጣቢያችን ሰው ሁሉ ወደ አገሩ ሲመለስ እኔ በወባ ሆስፒታል ተኝቼ ነበርና ቀረን፤ ወደ ከተማው በገባን ሰሞን ጥንድ ርግብ መጥታ ጣሪያችን ላይ አረፈች። ወንዶሰን መቅረታችን ካመጣበት ሐዘን በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ርግብ የምታርፈው ሰላም ባለበት ቤት ነው፣ ካባረሯት ግን ቤቱ ይፈርሳል ይላል፤ እኛም ቤት እንዲህ ሲባል ነው ያደግነው።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ወዲህ ቢሮው በዝቷል፣ ከደጋ የሚመጣው ሠራተኛም እንደዚያው። ፋሲካ ሲደርስ የመምህራኑና የነርሶቹ ቤት ዶሮ እየተሻማ ነው የሚገዛው። ቄቦቼን ያሳደግሁት ለዚያ ገበያ ነው። ሸለምጥማጥ እንዳይበላብኝ ማታ ማታ በሩን በድንጋይ ስደግፍ ነው የከረምኩት። ጠዋት ስከፍትላቸው ተሻምተው ሲወጡ እያየሁ፣ ይህችኛዋ እስከ መቱ ታደርሰናለች፣ ያችኛዋ እስከ ጅማ እል ነበር።

በደብረ ዘይት ሰሞን አንዷ ርግብ አንገቷ ተጠምዝዞ ሰማይ ሰማይ እያየች ባለችበት መዞር ጀመረች። እህል ስትለቅም ትስተዋለች። አጁሉ ወንዱንም ሴቱንም አንተ ነው የምትለው፤ ሺታዬ፣ አንተ ይሄን ወፍ ከዶሮ አውጣ፣ ከላይ ይኮሳል፣ ዶሮ ከታች ይለቅማል፣ ሁሉም ይሞታል አለችኝ። ለወንዶሰን ነገርኩት። መንፈስ ቅዱስ የወረደው በርግብ አምሳል ነው፣ እኔ ርግብ ከቤቴ አላባርርም፣ ያውም በጾም አለኝ። እኔስ ብሆን መቼ ደፈርኩ? ርግቦቹን አስቀይመን መንገዳችን ቢበላሽስ ብዬ ፈራሁ። ዝም ያልኩት ለመንገዳችን ብዬ ነው፣ ወንድሜ።

አጁሉ ሌላም መክራኝ ነበር። ዶሮዎቹ ገና ደህና ሳሉ ባሏ በጀልባ ኢታንግ ወስዶ እንዲሸጥልኝ፣ እዚያ የማይጾም ሰው ሞልቷልና ያገኘሁትን ይዤ ወደ አገሬ እንድሄድ። እኔ ደግሞ ፋሲካ ደርሶ የለም ወይ፣ ዋጋው እጥፍ ይሆናል ብዬ አንገራገርኩ። በዚያ ላይ በሁዳዴ ለሚበላ ሰው ዶሮ መሸጥ ሕሊናዬን ቆረቆረው። እሷ የራሷን ያን ሳምንት ከፊሉን ሸጠች፣ ከፊሉን አርዳ ቤተሰቧን አበላች። በሳህን ለእኔም ይዛ መጣች። ጾም ነው ስላት መጀመሪያ ሳቀች፣ በኋላ ግን ፊቷ ጠቆረ።

በሆሣዕና ማግስት የመጀመሪያዋ ቄብ ክንፏን ጣለች። አረንጓዴ ሲያስቀምጣት ውላ ማታውን ሞተች። የከብት ሐኪሙን ለምኜ አመጣሁት፤ ፈንግል ነው፣ ክትባቱ ከታመመ በኋላ አይሠራም፣ ርግቦቹን ቀደም ብላችሁ ብትለዩ ኖሮ ምናልባት አለኝ። በሕማማቱ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ እኔ ጓሮ ጉድጓድ ስቆፍር ሰነበትኩ። በሽታው ያልያዛቸውን እንዳላርድ ሕማማት ነው፣ ቢላዋ አይነሳም። እንዳልሸጥ ደግሞ እያወቅሁ በሽታ ለሰው ቤት መስደድ አልሆነልኝም። በስቅለት ዕለት የመጨረሻው አውራ ሄደ። ፋሲካን በአጁሉ ዓሣ ፈሰክን። እግዜር ይስጣት፣ ነግሬህ ነበር አላለችኝም።

የታመሙት ርግቦች ሞተዋል፤ የተረፉት ግን ክዳኑ ሥር እንዳሉ ናቸው። በትንሣኤ ጠዋት ወንዶሰን ባዶው የዶሮ ቤት ፊት ቆሞ፣ አየሽ፣ አልሄዱም አለኝ። በእጄ መጥረጊያ ይዤ ነበር። በሱ ልመታው አስቤ ነበር፣ እውነቴን ነው። ፊቱን ሳየው ግን ሌላ የሚለው አጥቶ የተናገረው መሆኑ ገባኝ። መጥረጊያውን ጥዬ ገባሁና አለቀስኩ።

አሁን ሰማዩ ደመና ይዟል። ዝናቡ ሲገባ ወደ ደጋ የሚያወጣው መንገድ ጭቃ ይውጠዋል፣ ሽግሽጉም እኔን ብሎ አይቆምም። በሬውን ሸጬ መሳፈሪያ ልላክልሽ እንዳትል። ያለ በሬ ማሳውን በምን ልታርሰው ነው? እንደገና ዶሮ አርቢ የሚሉኝ አሉ፤ ልቤ አይነሳም። ወንዶሰን ደግሞ ርግቦቹን ለማን ጥለን እንሄዳለን ማለት ጀምሯል። ዕድሜዬ ለጉዞ ስሰናዳ አለቀ። ደክሞኛል፣ ወንዳፈረው።

ስለዚህ በሽግሽጉ ስብሰባ ስሜ ሲጠራ እየመጣች ነው ብለህ በሰው ፊት አትዋረድልኝ። ቀርታለች በላቸው። ማሳው ለአንተ ከደረሰህ እረሰው፣ ለሌላ ከሰጡትም ከማንም ጋር አትጣላ። አገሩ ውስጥ የምትኖረው አንተ ነህ።

ቤርሳቤ ወልዳ ከሆነ እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ፤ ለክርስትናው እኔን አትጠብቁ። ትልልቆቹን ልጆች አንድ በአንድ ሳምልኝ። ለንስሐ አባታችን በጸሎት እንዲያስቡን ንገርልኝ። ወንዶሰን እጅ ይነሳል። አጁሉም ሰላም በልልኝ ብላለች፤ ባታይህም ስምህን አሳምራ ታውቃለች።

የእማማን ጉልበት ሳምልኝ። ይህን ደብዳቤ ግን እንዳታነብላት። ስብሰባው ላይ የምትለውንም እሷ በሌለችበት በል። ሺታዬስ ብላ ስትጠይቅህ፣ መንገድ ላይ ናት በላት።

እህትህ ሺታዬ

ጋምቤላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1989 ዓ.ም.