ቅጠሏ የተሰበረ አበባ

ሰኞ፣ የካቲት 3
ዛሬም ያው ነው። አቧራ፣ ማጉያ መነጽር፣ የወገብ ሕመም። ይህን ፌሎሺፕ ያገኘሁ ዕለት ጓደኞቼ «አለፈልሽ!» ብለውኝ ነበር። ለወገቤ ግን የነገረው የለም... መጻሕፍት ቤቱ ለስድስት ወር ጠረጴዛ፣ ቁልፍና ትንሽ አበል ሰጥቶኝ የድሮ መጻሕፍት የት፣ በማን እንደታተሙ አጠናለሁ። በወሩ መጨረሻ ንግግር አለብኝ። ከጣማቸው ሌላ ስድስት ወር ይጨምሩልኛል። ካልጣማቸው ወደ መጽሔት የምክር ዓምዴ ብቻ፣ ወደ «ባሌ ያንኮራፋል፣ ምን ትመክሪኛለሽ?» እመለሳለሁ።

የራሴው ባል ማታ ወገቤን እያሸ፣ «ይሄ ፌሎሺፕ የምትሉት ነገር ሥራ ነው ወይስ ቅጣት?» አለኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
የአታሚው ልጅ መጡ። ልጅ ስል... ሰማንያን ተሻግረዋል፤ እማማ ነው የምላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየቤቱ የማትጠፋ አንዲት አሮጌ የሙሽሮች ምክር መጽሐፍ አለች። ማን እንዳተማት አልተጻፈባትም። በየምዕራፉ መጨረሻ ግን ከእርሳስ ብረት በተቀረጸ የማተሚያ ጌጥ የታተመች አበባ አለች፤ አንዱ ቅጠሏ ተሰብሯል። ያው ስብራት የእማማ አባት ስማቸውን ባኖሩበት ሌላ መጽሐፍ ላይ ተገኘ። በቃ፣ አታሚው እሳቸው ናቸው! ንግግሬን እንኳ ሳልጠብቅ ባለፈው ወር ዓምዴ ላይ አወጣሁት። የኔ ብዕር ወሬ አያሳድርም።

«አባቴ ስማቸውን የሚያነሳ ሳይኖር ነው የሞቱት» አሉኝ እማማ፣ እጄን ይዘው። «አሁን ሰፈሩ በሙሉ የአታሚው ልጅ ይለኛል። በፊት ማን ይሉኝ እንደነበር ታውቂያለሽ? ያቺ ጉንፋን የማይለቃት!»

መጻሕፍት ቤቱ በሚያዘጋጀው ዐውደ ርእይ ላይ ከመጽሐፏ ሥር የአባታቸው ስም ሊለጠፍ ነው። ለዚያ ቀን ቀሚስ እያሰፉ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 10
ምነው ዛሬ አሞኝ በቀረሁ።

የእማማ አባት ተፎካካሪ የነበረ ሰው በማተሚያ ቤቱ ያተመውን መጽሐፍ እንዲሁ ለማለፍ ያህል ገለጥኩ። ያው አበባ። ያው ስብራት። ያው ዓመት። መነጽሬን ጠረግሁ። አልሄደም።

ጎረቤት ወንፊት እንደሚዋዋስ ጌጡን ይዋዋሱት ኖሯል! ታዲያ የሙሽሮቹን ምክር ማን አተማት? ከሁለቱ አንዱ። የትኛው? አላውቅም...

በዓምዴ በአንድ ፎቶግራፍ ሰው ስድር የኖርኩ ሴትዮ፣ አሁን ደግሞ በአንድ አበባ መጽሐፍ ለአታሚ ዳርኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12
ለመጽሔቱ አዘጋጅ ነገርኩት። ማስተካከያ ይውጣልኝ አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! ማን ያስታውሰዋል? ሰው ትናንት የበላውን አያስታውስም።»

«እማማ ያስታውሳሉ።»

«እንግዲያው ለእማማ ስትይ ዝም በያ!»

ሞኝ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 17
እማማ ቤት ሄድኩ። ሻይ አቀረቡ። አንዴ ፉት ብዬ አስቀመጥኩት። ነገርኳቸው።

መጀመሪያ ሳቁ። «አባቴ? ለዚያ ሰውዬ ሊያውሱ? መንገድ ላይ ሲያዩት እንኳ ወደ ማዶ የሚሻገሩ?»

«ምናልባት ሠራተኞቹ ይሆናሉ፣ እማማ። በጓሮ በር።»

ሳቁ ቆመ። የጠረጴዛውን ልብስ ዳር ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ።

«ንግግርሽ መቼ ነው?»

«ዓርብ ሳምንት።»

«ልጄ... ከኔ በኋላ ብታደርጊው ምን አለበት? ስንት ዘመን ቀረኝ? ቀብሬ ሲያበቃ ጻፊው። እኔም አላነብብሽ።»

አዲሱ ቀሚስ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ሰማያዊ ነው። «ያምራል» ብዬ ወጣሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሐሙስ፣ የካቲት 20
ዝም ብል ማን ይሞታል? ማንም። አስቸጋሪው እሱ ነው፤ ማንም አይሞትም።

ግን ነገ ሌላ ሰው ያቺን አበባ ያያታል። ያኔ የአባታቸውን ስም ከግድግዳ የሚያነሱት እሳቸው ቆመው እያዩ ነው። ደግሞ ያኛውም ሰውዬ ልጅ ይኖረዋል እኮ... እሷስ ምን እየተባለች ይሆን የኖረችው?

ባሌ አልመከረኝም። «አንቺ አገሩን ሁሉ ስትመክሪ እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ዓርብ፣ የካቲት 28
ተናገርኩ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እማማ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሰው። የሁለቱን መጻሕፍት ሥዕል ጎን ለጎን አሳየሁ። «በመጽሔቱ ላይ የጻፍኩት ስህተት ነው፤ የቸኮልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ቀና ስል እማማ ከዘራቸውን አንስተዋል። ሰው ሲያጨበጭብ እሳቸው በሩ ጋ ደርሰው ነበር። አልዞሩም።

የመጻሕፍት ቤቱ ኃላፊ (በሹክሹክታ ካልሆነ ስለማትናገር «እመት ዝም በይ» ነው የምንላት) ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ጥሩ ነበር። ግን ኮሚቴው የጠበቀው መልስ ነበር» አለችኝ።

እኔም ስጠብቅ የነበረው እሱኑ ነው፣ እመቤቴ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10
ሁለተኛው ስድስት ወር ለሌላ ሰው ተሰጠ። ቁልፉን መለስኩ። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ደክሞኛል። ባሌ ደስታውን ለመደበቅ ሲታገል አሳዘነኝ።

ማስተካከያው ወጣ። አዘጋጁን አስለቅሼ ነው ያስገባሁት። አጭር ነው፤ መጽሐፏን ያተማት ከሁለቱ አንዱ ነው ይልና ሁለቱን ስም ያስቀምጣል። ዐውደ ርእዩም ላይ እንደዚያው ተለጥፏል።

እማማ ስልክ አያነሱም።

ሰኞ፣ መጋቢት 15
ጠዋት የአንዷን አንባቢ የአማት ጣጣ ስፈታ ስልኬ ጮኸ። እማማ።

«አነበብኩት።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«ሁለት ስም ነው ያለው።»

«አዎ፣ እማማ።»

«የአባቴን አስቀድመሻል።»

«...አዎ።»

«አይቼልሻለሁ። አኩርፌብሽ ነበር፣ አሁንም አልተውኩሽም። ግን አይቼልሻለሁ። ጎረቤቶቼንም ሰብስቤ አንደኛ የተጻፈው ማን ነው? አልኳቸው። ያ ሰውዬ ከኋላ ነው፤ ድሮም ቦታው እዚያ ነው!»

ሳቁ። ከዚያ አሳላቸው። ከዚያ፣ «እሑድ ብቅ በይ፣ ያኔ የጀመርሽውን ሻይ ትጨርሻለሽ» አሉኝ።

ስሞቹን ያስቀመጥኩት በፊደል ተራ ነበር።

«እሺ እማማ፣ እመጣለሁ» አልኩ።