ከልጄ ሥር ያሉት

ደባርቅ፣ ጥር 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ብዕሩን የያዘችው የልጄ ልጅ ጥሩዬ ናት፤ ቃሉ የእኔ ነው። ዛሬ ለቀበሌው በኮምፒውተር የምትሠራውን የቤተሰብ ቅጽ አሳየችኝ። ለሙከራ የእኛኑ ቤት አስገብታለች፤ እኔ ከላይ፣ ከእኔ ሥር ልጄ፣ ከእሱ ሥር እሷና ወንድሞቿ።

«አባባ፣ አባቴን ላውጣው? የሚገባው በሕይወት ያለ ብቻ ነው» አለችኝ።

ከቀበርኩት አርባው እንኳ አልወጣም። «ደንቡ ከሆነ አውጪው» አልኩ።

ከቅጹ ላይ ስታጠፋው ከሥሩ ያሉት ልጆቹም ተከትለውት ጠፉ፤ እሷም ራሷ። ብቻዬን ቀረሁ።

«አይዞዎት፣ ከእርስዎ ሥር እናስገባቸዋለን።»

«የእሱ ልጆች ናቸው! መልሺው።»

«ሞቷል እኮ፣ አባባ።»

«ቢሞትስ? አባትነቱን ማን ሻረው?»

መለሰችው። አላለቀስኩም፤ እንደዚያ ብለሽ ጻፊ። በይ አሁን አንብቢልኝ፤ አባትሽ ጋ ስትደርሺ ቀስ በይ።