በፎቶግራፉ ላይ ያሉት እትዬ ሽው ናቸው

እትዬ ሽው ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ሚያዝያ 9 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤታቸው ከአባታቸው መሥሪያ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራ ስለነበር፣ እናታቸው "ይቺ ልጅ ከጡት ቀጥሎ የቀመሰችው ሰጋቱራ ነው" ይሉ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመታቸው ጣውላ ሲቆርጡ የግራ እጃቸውን ትንሿን ጣት እስከ ግማሽ መጋዝ ወሰደባቸው። አባታቸው መጋዙን ደበቁት፤ እርሳቸው ፈልገው አገኙት።

በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ታላቅ ወንድማቸው የጣለውን ባለ አራት ጎማ መንሸራተቻ ጫማ ፈታትተው ጎማዎቹን ከአንድ ጣውላ ሥር መቱ። ስኬትቦርድ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ያወቁት ከዓመት በኋላ፣ አንድ አሮጌ መጽሔት ላይ ሲያዩ ነው። ከትምህርት ቤቱ ወደ ገበያው የሚወርደውን ቁልቁለት ሲለቁት መንገደኛው ዞር ሳይል ያልፉት ስለነበር "ሽው" የሚል ስም ወጣላቸው። ወንድማቸው ሲወድቅ ሰፈሩ "አይዞህ ጎበዝ!" ይል ነበር። እርሳቸው ሲወድቁ "እሰይ፣ የታባትሽ!" ነበር የሚባለው።

በ1968 ዓ.ም. በከተማው የስኬትቦርድ ውድድር ሲደረግ ለመመዝገብ ሄዱ። መዝጋቢው ቀና ብሎ አያቸውና "አንቺ ልጅ፣ ሴቶች የሚቀመጡት እዚያ ጋ ነው" ብሎ የተመልካች ወንበሮቹን አሳያቸው።

"ደንቡ ላይ ወንድ ብቻ ይላል?" አሉት።

አይልም ነበር። ሴት ትመጣለች ብሎ ያሰበ ስላልነበረ የከለከለም አልነበረም። ተመዘገቡ፤ በሦስቱም ዙር አንደኛ ወጡ። ዳኞቹ ግን ራቅ ብለው ተመካከሩና ዋንጫውን ሁለተኛ ለወጣው ወጣት ሰጡት። ለእርሳቸው የሰጧቸው ስድስት የሻይ ብርጭቆ ከነትሪው ነው። ዋና ዳኛው "ለትዳርሽ ይሆንሻል" ሲሉ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ ጋዜጣው እትዬ ሽው ከነስኬትቦርዳቸው አየር ላይ ሆነው የሚታዩበትን ፎቶግራፍ አወጣ። ከሥሩ የታተመው ስም የባለ ዋንጫው ስም ነበር።

በሙያ ትምህርት ቤት የብረታ ብረት ሥራ ተምረው በ1971 ዓ.ም. በአንድ ሆስፒታል የጥገና ክፍል ተቀጠሩ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሕሙማን አልጋ፣ የዊልቸርና የቃሬዛ ጎማ ጠግነዋል። እርሳቸው ኩሽኔታውን የቀየሩለት ቃሬዛ በኮሪደር ሲያልፍ ድምፅ አልነበረውም፤ ነርሶች "ይሄ የሽው ነው" ብለው ይሻሙበት ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ከሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ባለሙያ ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲያረግዙ ባለቤታቸው "እስክትወልጂ ብቻ ነው" ብለው ስኬትቦርዱን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀሉት። ዘጠኝ ዓመት እዚያው አቧራ ጠጣ። ይህ እንዲጻፍ ያዘዙት ባለቤታቸው ራሳቸው ናቸው። ይህን ታሪክ ለጻፈችው የእትዬ ሽው የእህት ልጅ "እኔም አለሁበት፤ እንዳትዘልዪው" ብለዋታል።

በ1987 ዓ.ም. እሑድ እሑድ ጠዋት ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ለሴት ልጆች ስኬትቦርድ ማስተማር ጀመሩ። ስኬትቦርዱን የሚሠሩላቸው ራሳቸው በእጃቸው ነበር። አባቶች እየመጡ ልጆቻቸውን በክንዳቸው እየጎተቱ ይወስዱ ነበር። አንዱ "አንቺ ሴትዮ፣ ልጄን ምን ልታደርጊያት ነው?" ብሎ ሲጮህባቸው፣ "ጉልበቷን ላስልጣት ነው! ሌላ ጥያቄ አለዎት?" አሉት። ያቺ ልጅ በሚቀጥለው እሑድ በአጥር ዘልላ መጣች።

በ2009 ዓ.ም. ስለ ስኬትቦርድ ታሪክ በከተማው አዳራሽ ኤግዚቢሽን ተከፈተና ከእህታቸው ልጅ ጋር ሄዱ። የስድሳ ሁለት ወንዶች ፎቶግራፍ ከነስማቸው ተሰቅሏል። ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርሷም ለተወዳዳሪዎች ውኃ ስታቀብል። በዋናው ግድግዳ ላይ ደግሞ ያ ፎቶግራፍ የሰው ቁመት አክሎ ቆሟል፤ ከሥሩ ያው የባለ ዋንጫው ስም።

"ይቺ እኔ ነኝ" አሉት አስተባባሪውን።

"እናቴ፣ ማስረጃ አለዎት?"

እትዬ ሽው ግራ እጃቸውን አንሥተው ፎቶግራፉ ላይ ካለው ግራ እጅ ጎን ግድግዳው ላይ አሳረፉት። በሁለቱም ላይ ትንሿ ጣት እኩል ቦታ ላይ ተቆርጣለች። አስተባባሪው አንገቱን አከክ አከክ አድርጎ "ለኮሚቴው እናቀርባለን" አለ። ለባለ ዋንጫው ተደወለላቸው፤ "የድሮ ነገር ነው፤ አሁን ምን ያደርግላታል?" አሉ። ኮሚቴው አምስት ወር ከተሰበሰበ በኋላ አዲስ ጽሑፍ ለጠፈ፤ "ስሟ ያልታወቀ ሴት" ይላል። ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ ስልክ ቁጥራቸውን ሳይቀር በገዛ እጃቸው ጽፈው ሰጥተዋቸው ነበር! ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለቅሱ አየናቸው። አዝነው አልነበረም፤ ተናድደው ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ሲደረግላቸው ቆይተው፣ የካቲት 21 ቀን 2015 ዓ.ም. በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ጉልበታቸው የተላጠ አርባ አንድ ሴት ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ዛሬ ጠዋት ያው ኮሚቴ "ለስፖርታችን እናት" የሚል የአበባ ጉንጉን ልኳል። ላመጣው ሾፌር ምስጋናችን ይድረሰው። አበባው ግን ሳጥናቸው ላይ አይቀመጥም ብለናል፤ ከበሩ ውጭ ነው ያለው፤ የላኩት ሰዎች ሲወጡ ይዘውት ሊሄዱ ይችላሉ።

ፈጣሪ የእትዬ ሽውን ነፍስ ያሳርፍልን። እኛን ግን አያሳርፈን።