ፍየሉ የጠጣውን አንተም ጠጥተሃል

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለቲቶ፦

እንዴት ሰነበትክልኝ? ትንፋሽህ እንዴት ነው? አሁንም ሁለት ደረጃ ወጥተህ ታርፋለህ? የእግርህስ እብጠት ጎደለልህ ወይስ አሁንም ጫማ እምቢ ይልሃል? እኛ ደህና ነን ብዬ እንድጀምር የምጽፍልህ ነገር አይፈቅድልኝም። እዚህ ሚዛን ዝናቡ አልቆም ብሏል፤ ኔትወርክም ከጠፋ ሰነበተ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ነገ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ ለምትነሳው ለጎረቤታችን ለሣራ እሰጣታለሁ።

መጨረሻ የደወልክ ጊዜ ሐኪሙ ያለህን አልረሳሁም። የልብህን በር ቢጠግኑት እንኳ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ኩላሊትህ እንዳይጎዳ እንደሚሰጉ፣ ዕድሜህን፣ የደም ምርመራህንና የምትወስደውን መድኃኒት አይተው አደጋውን አስቀድመው እንደሚገምቱ ነግረኸኛል። የባህል መድኃኒት ወስደህ እንደሆነ ሲጠይቁህ አልወሰድኩም አልካቸው። አልዋሸህም ወንድሜ። ግን ወስደሃል።

እማዬ የምትልክልህ፣ አፍልተህ የምትጠጣው ጨሞ የቡና ቅጠልና ቅመም ብቻ አይደለም። በሼኮ መንገድ ካሉት መድኃኒተኛ ሽማግሌ ያመጣችው ሥር ተወቅጦ ገብቶበታል። መረረኝ ስትላት ዝንጅብሉ በዝቶ ነው ያለችህ ለዚህ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ሰዎችም ከእኔም ደብቃ ነው ያደረገችው። በክፋት አትቁጠርባት፤ የልጅ ነገር ሲሆን እናት የማትገባበት ጫካ የለም።

ሽማግሌው አንድ ፍየል በልጅሽ ስም እየጠራሽ ያንኑ ሥር አጠጪው፣ በልጁ ላይ የሚመጣው በፍየሉ ቀድሞ ይታያል ብለዋት ኖሯል። እኔ ይህን ሳላውቅ፣ ከጓሮ ቲቶ ና ጠጣ ስትል ስሰማ ናፍቆትህ ያስለፈለፋት መስሎኝ እንባዬ ይመጣ ነበር። ኋላ ፍየሉን አየሁት። ቅጠል አይቀምስም፤ ውሃ አይጠግብም። እግሩ አበጠ። አመሻሹ ላይ በራፉ ላይ ቆሞ አንተ የምትቀመጥበትን በርጩማ እያየ ያቃስታል። እመነኝ፣ እንደ ሰው ነበር የሚያቃስተው። ፈርቼ በጓሮ በር መግባት ጀመርኩ።

ባለፈው ሳምንት ታረደ። ሽማግሌው ሞራውን ዘርግተው አዩና የልጅሽ ልብ ይድናል አሉ። እማዬ እልል ልትል ስትል በእጃቸው ዝም አሰኟት። ኩላሊቶቹን አወጧቸው፤ አመድ መስለው ተኮማትረዋል። የሚያሰጋው ይህ ነው አሉ፤ ሐኪምህም ያለው ይህንኑ ነው! ከዚያ ሥሩን እጥፍ አድርጊለት ብለዋት ሄዱ።

ቲቶ፣ ያ ፍየል ሲመጣ ጤነኛ ነበር። ከዚያ ሥር በቀር ምን ነካው? የታየው ትንቢት እውነት ነው፤ ያመጣው ግን መድኃኒቱ ራሱ ነው።

እጥፉ ጨሞ ተልኮልሃል፤ ምናልባት ከዚህ ደብዳቤ በፊት ደርሶሃል። እንዳትቀምሰው። ይዘኸው ወደ ሐኪሙ ሂድና ከመቼ ጀምሮ እንደጠጣህ ንገረው፤ ግምቱን እንደገና ይሥራው። የቀዶ ጥገናውን ወረፋ በስንት ደጅ ጥናት እንዳገኘኸው አውቃለሁ። ቀኑ ቢገፋም ይገፋ፤ ከመቅረት መዘግየት ይሻላል።

ያስጠጋችህን አክስታችንን በየነችን ጉልበቷን ሳምልኝ። ለባለቤቷ ለጋሽ ኃይለጊዮርጊስ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ልጃቸውን ትንሿን ሆሳዕናን ሁለት ጉንጯን ሳማት፤ ከጨሞውም ጠብቃት። የእማዬን ሰላምታ ግን ልልክልህ አልቻልኩም፤ መጻፌን አታውቅም። ፍየሉ ከታረደ ወዲህ ሥሩን በእሱ ፈንታ ራሷ ትጠጣለች፤ በልጄ የሚመጣው በእኔ ቀድሞ ይታይ ትላለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ደበቅኩባት፤ አልሆነም። የምትሰማው አንተን ነውና ተዪ ብለህ በእጅህ ጻፍላት፤ ሣራ ስትመለስ ታምጣልኝና አነብላታለሁ። አትዘግይ ወንድሜ። ትናንት እግሯን ሳጥባት ጣቴን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተጫንኩት፤ ጣቴን ባነሳም ቦታው ጎድጉዶ ቀረ።

እህትህ አስካለች
ሚዛን ተፈሪ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2004 ዓ.ም.